የትንሿ ሞተር ቢስክሌት ፍጥነት እንዴት ይለካል?

«ዐይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። አባባሉ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ልብ ፍርዱን የሚሰጠው ዐይን ባቀበለው ማስረጃ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በተመኘው ነገር ጭምር መሆኑን ባለፈው ጥር ወር በአንዲት ትንሽ ሞተር ቢስክሌት ምክንያት ተምረናል። ትምህርቱ ለእኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ ወደ ፊትም ይህን የመሰለ ፈተና ለማድረግ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር እኛ በተሰናከልንበት እንዳይሰናከል በማለት፥ የሠራነውን፥ የተሳሳትነውንና በመጨረሻ የደረስንበትን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ወደናል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ ወንድም የ11 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ 65 ሲሲ የሆነች፥ ለልጆች የሞቶክሮስ ውድድር የተሠራች፥ ያገለገለች ቢስክሌት ገዙለት። ሻጩ ሲሸጥ «ይህች እኮ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ትበራለች» ብሎ ነበር። ልጁ ይህን ቃል ሰምቶ በደስታ እንቅልፍ አጣ፤ አባትየው ደግሞ ይህንኑ ቃል ሰምተው በሥጋት እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻም እኛን ጠርተው፥ «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ይህች ነገር በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሄድ ከሆነች ለዚህ ልጅ አትሆንም፤ ነገውኑ እሸጣታለሁ። ከዚያ በታች ከሆነች ግን እናስብበታለን። እስቲ እውነቱን አጣርታችሁ ንገሩኝ» አሉን። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ብንሆንም፥ አንድን ቃል መርምሮ እውነትነቱን ማረጋገጥ የእኛም ሥራ ነው ብለን ተቀበልን።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ልጁ ቢስክሌቲቱ መቶ እንድትገባለት ይመኛል። መቶ ብትገባ ግን ቢስክሌቲቱን ያጣታል፤ እርሱም ይህን አያውቅም። እኛ ብናውቅም አልነገርነውም። ምክንያቱም የትኛው ውጤት እንደሚጠቅመው የሚያውቅ ፈረሰኛ ፈረሱን ወደዚያው ውጤት ይመራዋልና።

፩. ስለ ቢስክሌቲቱ ጥቂት ቃል

ሞቶክሮስ ማለት ባልተስተካከለ የአፈርና የጭቃ ሜዳ ላይ፥ ኰረብታ እየወጡና እየዘለሉ የሚደረግ የሞተር ቢስክሌት ውድድር ነው። አጀማመሩ ከእንግሊዝ አገር ነው፤ በሰሪ አውራጃ በካምበርሊ አጠገብ እ. ኤ. አ. በ1924 ዓ. ም. የተደረገው ውድድር እንደ መነሻ ይቈጠራል። በኋላም ዓለም አቀፉ የሞተር ቢስክሌት ፌዴሬሽን እ. ኤ. አ. በ1952 ዓ. ም. የአውሮፓን፥ እ. ኤ. አ. በ1957 ዓ. ም. ደግሞ የዓለምን የሻምፒዮና ውድድር አቋቋመ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆኑ ሞተሮች በብዛት የታወቁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከእነዚህ መካከል ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ፒ ደብልዩ 50 ዋነኛው ምሳሌ ነው። ይህ ቢስክሌት 49 ሲሲ ብቻ ሲሆን ማርሽ መቀያየር አያስፈልገውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ወላጅ በአንዲት ብሎን አማካይነት የነዳጅ መስጫው እጀታ ምን ያህል እንዲከፈት መወሰን መቻሉ ነው። ልጁ እየለመደ ሲሄድ ብሎኗ ትላላለች።

65 ሲሲ የሆነችው ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ትላለች። ፍሪሲዮንና ስድስት ማርሽ አላት፤ ሞተሯም በውኃ ይቀዘቅዛል። በዓለም የልጆች ሻምፒዮና ውድድር 65 ሲሲ፥ 85 ሲሲና 125 ሲሲ የየራሳቸው ክፍል አላቸው። እንግዲህ ይህች መጫወቻ አይደለችም፤ ትንሽ የውድድር መሣሪያ ናት። ለውድድር የተሠራች በመሆኗም የፍጥነት መለኪያ ሰዓት የላትም። ተወዳዳሪ የሚያሸንፈው ሌላውን በመቅደም እንጂ መርፌ በማየት አይደለምና። «ስንት ትሄዳለች?» የሚለው ጥያቄ ለወሬ የተመቸ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚመሰክር መርፌ ስለሌለ ሁሉም የወደደውን ቍጥር ይናገራል።

፪. በወረቀት ላይ የሚገኘው ፍጥነት

ወደ ሜዳ ከመውጣታችን በፊት በወረቀት ላይ ልናሰላው ሞከርን። ዘዴው ቀላል ነው። ካንዴላዋን ነቅለን፥ ማርሹን ስድስተኛ ላይ አስገብተን፥ ቢስክሌቲቱን በእጃችን እየገፋን፥ የኋላ ጐማዋ 10 ጊዜ ሲዞር በሞተሩ ጐን ያለው ቮላኖ የሚባለው ክብ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቈጠርን። 126 ጊዜ ዞረ። ስለዚህ ጐማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 12.6 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ቀጥሎም በጐማው ላይ በኖራ ምልክት አድርገን፥ ልጁን አስቀምጠንበት፥ ጐማው 10 ጊዜ ሲዞር የሄደውን ርቀት ብንለካ 14 ሜትር ከ20 ሆነ። አንድ ዙር 1.42 ሜትር ነው ማለት ነው። ልጁ መቀመጡ አስፈላጊ ነው፤ ጐማ ሸክም ሲኖርበት ስለሚረግብ ዙሩ ያጥራልና።

ከቢስክሌቲቱ ጋር የመጣው መጽሐፍ የሞተሩ ጕልበት ከፍ የሚለው በደቂቃ 12,000 ጊዜ ያህል ሲዞር እንደ ሆነ ይናገራል። 12,000ን ለ12.6 ብናካፍል 952 ይሆናል፤ ይህም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጐማው የሚዞረው ነው። በ1.42 ብናባዛው በደቂቃ 1,352 ሜትር፥ በሰዓት 81 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ትሄድ ዘንድ ግን ሞተሩ በደቂቃ ወደ 14,800 ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ሻጩ የተናገረው ቃል ገና ከግቢ ሳንወጣ ተናጋ።

ሆኖም የወረቀቱ ቍጥር «ሞተሩ በስድስተኛ ማርሽ 12,000 ቢዞር» የሚል ሁኔታ አለበት። ይህ «ቢ» የሚለው ፊደል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የተረዳነው በኋላ ነው።

፫. የመጀመሪያው ቀንና ስሕተቶቹ

ከአዲስ አበባ ወጥተን በሱሉልታ ሜዳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ፥ ደረቅና ቀጥ ያለ የአፈር መንገድ አገኘን። ከእኛ ውስጥ ረጅሙ 100 ርምጃ ለካና «መቶ ሜትር» ብሎ ሁለት ድንጋይ አስቀመጠ። አንዱ ከመጀመሪያው ድንጋይ አጠገብ ቆመ፤ ሌላው በተንቀሳቃሽ ስልኩ ላይ ያለውን ሰከንድ ቈጣሪ ይዞ ከመጨረሻው ድንጋይ አጠገብ ቆመ። ልጁ የራስ ቍሩን፥ ጓንቱን፥ የደረት መከላከያውንና ቦቱን ለብሶ ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ። በመጀመሪያው ድንጋይ ሲያልፍ ጓደኛችን «ሂድ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለተኛው ቈጠራውን ጀመረ። በመጨረሻው ድንጋይ ሲያልፍ ቈጠራው ቆመ። 4.2 ሰከንድ! 100 ሜትር በ4.2 ሰከንድ ማለት በሰዓት 86 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ልጁ ዘለለ፤ እኛም ዘለልን። ወረቀቱ 81 ብሎ ሳለ ቢስክሌቲቱ 86 መሄዷን ስናይ፥ ነገሩ አጠራጣሪ ነው በማለት ፈንታ «ሞተሩ ከመጽሐፉ ይበልጣል» አልን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን የአባትየው ቃል ትዝ አለንና ዝም ተባባልን። 86 ከ80 ይበልጣል፤ ነገ ቢስክሌቲቱ ትሸጣለች።

በዚያው ማታ በመኝታ ቤታችን ነገሩን ለአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን አጫወትነው። እርሱም ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። «መቶ ሜትሩን በምን ለካችሁት? ቈጣሪው መነሻውን ያወቀው በዐይኑ ነው ወይስ በጆሮው? ነፋሱስ በየት በኩል ነበር?» አንዱንም አጥጋቢ አድርገን ልንመልስ አልቻልንም።

በማግስቱ የመለኪያ ሜትር ይዘን ሄድን። የጓደኛችን 100 ርምጃ 91 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ 86 የተባለው ወደ 78 ወረደ። ቀጥሎ የድምፁን ነገር አሰብን። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። 91 ሜትር ለመድረስ 0.27 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ቈጣሪው ቈጠራውን የጀመረው ቢስክሌቲቱ ድንጋዩን ካለፈች በኋላ ዘግይቶ ነው። እውነተኛው ጊዜ 4.47 ሰከንድ ነበር ማለት ነው፤ ፍጥነቱም ወደ 73 ወረደ። በመጨረሻም ልጁ የነዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብቻ ነበር፤ በጥር ወር በዚያ ሜዳ ላይ የሚነፍሰውም ነፋስ ከምሥራቅ ነበር። እንግዲህ ቢስክሌቲቱን የነዳት ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ነፋሱም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር መናዘዝ አለብን። ያ 86 ቢስክሌቲቱን የሚያሸጥ ባይሆን ኖሮ፥ ይህን ሁሉ ምርመራ እናደርግ ነበርን? አናደርግም ነበር ብለን እንፈራለን። ሦስቱም ስሕተቶች ቍጥሩን ወደ ላይ የሚገፉ ነበሩ፤ እኛም በተደሰትን ጊዜ አንዱንም አላየንም። ስሕተቱን መፈለግ የጀመርነው ውጤቱ ባስከፋን ጊዜ ነው። በዚህ መንገድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ ታች የሚያወርዱትን ስሕተቶች ብቻ አግኝቶ፥ ወደሚፈልገው ቍጥር ሲደርስ ፍለጋውን ያቆማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ውጤት እያረምን ከመጠቀም ይልቅ፥ ጨርሶ ትተን አዲስ ፈተና ለማድረግ ወሰንን።

፬. ሁለተኛው ፈተና

በዚህኛው ጊዜ የተከተልነውን ሥርዓት አንድ በአንድ እንዘረዝራለን።

አንደኛ፥ የሚለካውን ርቀት በሜትር ለክተን 200 ሜትር አደረግነው። የሰው እጅ ሰከንድ ቈጣሪን ሲነካ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ያህል ሊስት ይችላል። በ5 ሰከንድ ውስጥ 0.2 መሳሳት ከመቶ 4 እጅ ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ግን ከመቶ 2 እጅ ብቻ ይሆናል። ርቀቱ በረዘመ ቍጥር የእጅ ስሕተት ያንሳል።

ሁለተኛ፥ ከመለኪያው በፊት 250 ሜትር መንደርደሪያ፥ ከመለኪያው በኋላም 150 ሜትር መቆሚያ ተውን። ከፍተኛ ፍጥነት ማለት ቢስክሌቲቱ ከዚያ በላይ መጨመር ያቃታት ጊዜ ያላት ፍጥነት ነው። በመለኪያው ውስጥ ገና የምትጨምር ከሆነ የተለካው ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፥ የመነሻው ምልክት በጩኸት መሆኑ ቀርቶ በዐይን እንዲሆን አደረግን። ከመነሻው የቆመው ጓደኛችን ነጭ ጨርቅ ከፍ አድርጎ ይይዝና የፊት ጐማው ምልክቱን ሲነካ ወደ ታች ይጥላል።

አራተኛ፥ እያንዳንዱ ሙከራ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲደረግ ወሰንን። ይህ ሥርዓት የእኛ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ እ. ኤ. አ. በ2010 ዓ. ም. በሰዓት 605.697 ኪሎ ሜትር የተመዘገበው የሞተር ቢስክሌት ክብረ ወሰን እንኳ የሁለት ተቃራኒ ጕዞዎች አማካይ ነው። ለዚያ ግዙፍ መሣሪያ የሚያስፈልግ ሥርዓት ለትንሿም ያስፈልጋል። እንዲያውም ይበልጥ ያስፈልጋታል፤ ጕልበቷ አነስተኛ ስለ ሆነ ነፋስ በቀላሉ ይጫወትባታልና።

አምስተኛ፥ ቈጣሪው ሰከንዱን በወረቀት ጽፎ ወረቀቱን አጥፎ ለሌላው ይሰጣል እንጂ ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁላችንም የምንመኘው ውጤት ስለ ነበረን ምኞታችንን በዚህ ለማሰር ሞከርን።

ስድስተኛ፥ የሚነዳው ልጁ ራሱ እንዲሆን አደረግን። ከእኛ አንዱ ቢነዳት ክብደቱ ከልጁ እጥፍ ይሆናል፤ ነፋስ የሚገጥመው ደረቱም ይሰፋል። ያ ቢሆን የሚለካው የቢስክሌቲቱ ፍጥነት ሳይሆን የእኛ ውፍረት ነው።

ውጤቱ ይህ ነው። በስድስተኛ ማርሽ፥ ነፋሱን እየተጋፈጠ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ 11.2 ሰከንድ፥ ማለትም በሰዓት 64.3 ኪሎ ሜትር። ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ወደ ምዕራብ ሲመለስ 9.8 ሰከንድ፥ ማለትም 73.5 ኪሎ ሜትር። ሁለቱን ጊዜ ደምረን 400 ሜትሩን ለ21 ሰከንድ ብናካፍል 68.6 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ሁለቱን ፍጥነቶች ደምረን ለሁለት ብናካፍል ደግሞ 68.9 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። ቢስክሌቲቱ በዝግታ በሄደችበት ጕዞ ላይ የቆየችው ብዙ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ጊዜን መሠረት ያደረገው አማካይ ምንጊዜም ዝቅ ይላል። የትኛውንም መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን የትኛውን እንደ ተጠቀሙ መናገር ያስፈልጋል። እኛ የመጀመሪያውን መርጠናል።

በልጁ ኪስ የነበረውና ከሳተላይት ምልክት የሚቀበለው ስልክ ከፍተኛው ፍጥነት 74 መሆኑን አሳየ። ይህም ነፋሱን በጀርባ አድርጎ ከሄደበት ጕዞ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ስልኩ አልዋሸም፤ ከሁለቱ ጕዞዎች ትልቁን ብቻ መርጦ ተናገረ እንጂ። ስልኩን ብቻ የያዘ ሰው ከነፋሱ የተበደረውን ፍጥነት የራሱ አድርጎ ይቈጥራል።

ከዚህ በኋላ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። በ68.6 ፍጥነት ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ወደ 10,100 ጊዜ ብቻ መሆኑን ብናሰላ፥ ስድስተኛው ማርሽ ለሞተሩ እንደ ከበደው ተረዳን። ጕልበቱ ከፍ ወደሚልበት ወደ 12,000 ሊደርስ አልቻለም። ስለዚህ ልጁን «በአምስተኛ ማርሽ ሞክር» አልነው። ወደ ምሥራቅ 10.6፥ ወደ ምዕራብ 9.9 ሰከንድ ሆነ፤ አማካዩም 70.2 ኪሎ ሜትር። ትልቁ ማርሽ ከአምስተኛው አንሶ ተገኘ! «የመጨረሻው ማርሽ የመጨረሻው ፍጥነት ነው» የሚለው እምነታችን በዚሁ ፈረሰ። በወረቀት ላይ የነበረው የ81 ስሌትም የተሳሳተው በሒሳቡ አይደለም፤ ሞተሩ አየሩን እየገፋ 12,000 ሊዞር ይችላል ብሎ በማመኑ ነው።

እንግዲህ የእጅን ስሕተት ጨምረን፥ የቢስክሌቲቱ ከፍተኛ ፍጥነት በዚያ መንገድ፥ በዚያ ልጅ፥ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ከ80 በግልጽ ያንሳል።

፭. ስለ አየር

ውጤቱን ለሻጩ በነገርነው ጊዜ፥ «የእኛ አገር አየር ቀጭን ስለ ሆነ ነው፤ ቆላ ብትወስዷት መቶ ትገባለች» አለን። መልሱ ብልሃት ያለበት ስለ ሆነ ሳንመረምር ልናልፈው አልፈለግንም።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለ ሆነ፥ አየሩ ሲሳሳ ጕልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። እስከዚህ ሻጩ እውነት ተናገረ። የዘነጋው ግን ቢስክሌቲቱን ወደ ኋላ የሚይዛትም ያው አየር መሆኑን ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚገፋው ጕልበት ይቀንሳል፤ የሚይዘውም ግፊት አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ ብዙውን እርስ በርሳቸው ይጣጣላሉ። ከከፍታው ጋር የማይቀንሰው ጐማ ከአፈሩ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው፤ በዚህ በኩል ደጋው ጥቂት ያስከፍላል።

ሌላም ነገር አለ። ካንዴላዋን ነቅለን ስናያት ጥቀርሻ የለበሰችና እርጥብ ነበረች። ይህ ነዳጁ ለሳሳው አየር እንደ በዛበት ያመለክታል፤ ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር እንደ ተስተካከለ ቀርቷል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጁን የሚለካው ትንሽ ቀዳዳ ጠበብ ባለው ቢለወጥ፥ ወይም ቢስክሌቲቱ ቆላ ብትወርድ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ልትጨምር እንደምትችል እናምናለን።

ከ70 እስከ 100 ያለው መንገድ ግን በጥቂት አይዘለቅም። አየር የሚይዘው ግፊት ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ያድጋል፤ ግፊቱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጕልበት ደግሞ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ያድጋል። ስለዚህ በ70 ፋንታ 100 ለመሄድ አየሩን ለመግፋት ብቻ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጕልበት ያስፈልጋል። ቆላ ወርዶ ይህን የሚያገኝ ሞተር የለም።

፮. ያልተጠየቅነው ጥያቄ

ልጁ ውጤቱን ሲሰማ ፊቱ ጠቈረ። «ጋሼ፥ ቍልቍለት ላይ ብሞክርስ?» አለ። ቍልቍለቱ የሚነዳትማ መሬቱ ነው፤ ያ ደግሞ የነፋሱ ታናሽ ወንድም ነው ብለን መለስንለት። «እንግዲያው አንዴ ብቻ፥ ጐንበስ ብዬ» አለ። ፈቀድንለት። ይህ የእኛ ጥፋት ነው።

ልጁ ወደ ምዕራብ መጣ። ቀዩ ጨርቅ ካለበት የመለኪያው መጨረሻ ሲደርስ ነዳጁን መልቀቅ ሲገባው አለቀቀም፤ አገጩን ከታንከሩ ላይ አስደግፎ ቀጠለ። በዚያች ቅጽበት አንዲት ጥጃ ከሜዳው ወጥታ ወደ መንገዱ ገባች። እረኛው ጮኸ፤ እኛም ጮኽን። ነገር ግን የራስ ቍር ለለበሰና የሞተር ጩኸት በጆሮው ላለ ልጅ ጩኸታችን ምን ይጠቅማል? ደግነቱ ልጁ ቀና ብሎ አያትና ፍሬን ያዘ። ቢስክሌቲቱ እየተንሸራተተች ቆመች። «ከጥጃዋ ስድስት ርምጃ ላይ ነው የቆመው» አለ አንዱ። ሌላው ምንም ሳይናገር መለኪያውን ሜትር ይዞ ሄደ። 4 ሜትር ከ30 ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ፍጥነት ማንም አልተናገረም። ቀጥለን የለካነው ፍሬን ከያዘበት ቦታ እስከ ቆመበት ያለውን የጐማ ምልክት ነው፤ 43 ሜትር ሆነ። አንድ ሰው አደጋ ካየ በኋላ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፥ በ70 ፍጥነት በዚያች ሰከንድ ውስጥ 19 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉው የመቆሚያ ርቀት 62 ሜትር ነው። የሻጩ መቶ እውነት ቢሆን ኖሮ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት ብቻ ወደ 88 ሜትር፥ ጠቅላላው ወደ 116 ሜትር በሆነ ነበር። ፍጥነት ከ70 ወደ 100 ሲያድግ፥ ማለትም ከግማሽ እንኳ ባነሰ ሲጨምር፥ ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያን ዕለት በመንገዱ ላይ 88 ሜትር አልነበረም፤ ጥጃዋ ነበረች።

ወደ አባትየው ሄደን የሆነውን ሁሉ፥ የጥጃዋን ነገር ጭምር፥ ሳንደብቅ ነገርናቸው። የጥጃዋን ነገር መናገር ልጁን ሊጐዳው እንደሚችል እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን የሚመቸንን ብቻ መርጠን ከተናገርን ከሻጩ በምን እንሻላለን? አባትየው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኔ የጠየቅኋችሁ ስንት እንደምትሄድ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብኝ በስንት እንደምትቆም ኖሯል» አሉ። ቢስክሌቲቱ አልተሸጠችም። ነገር ግን ልጁ ከ43 ሜትሩ እስኪያሳጥር ድረስ በየሳምንቱ የሚለማመደው ማቆምን ብቻ እንዲሆን፥ የነዳጅ መስጫው እጀታም ከግማሽ በላይ እንዳይከፈት እንዲደረግ አዘዙ። እኛም ሜትሩን ይዘን እንድንገኝ ታዘናል።

በመጨረሻ ለጓደኞቻችን የምናስተላልፈው ይህን ነው። ርቀትን በርምጃ አትለኩ። ጊዜን በጆሮ አትጀምሩ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሄዳችሁ ውጤት አታውጁ። ያስደሰታችሁን ቍጥር ያስከፋችሁን በመረመራችሁበት ትጋት መርምሩት። ፍጥነትን ለመለካት ስትነሡም አስቀድማችሁ የመቆሚያውን መንገድ ለኩ። እኛ ይህን የመጨረሻውን የሠራነው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ያተረፈንም የሥራችን ጥራት ሳይሆን 4 ሜትር ከ30 ነው።